ቫዝሊን በመርፌ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛዬ ማኪያቶዋን ሳትነካ ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። የአንዲት ልጅ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተቀምጧል። በግራ በኩል ቀጭን ከንፈር፣ በቀኝ በኩል ሞላ ያለ ከንፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ዋጋው።

«ላደርገው ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፊለር ነዋ! ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ተፈጥሯዊ ነው፣ ሰውነታችን ውስጥ ራሱ ያለ ነገር ነው፣ በስድስት ወር ብን ብሎ ይጠፋል አሉኝ።»

እኔ መቼም ክፉ አመል አለብኝ። ሰው አዲስ ነገር ሲያሳየኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» የሚል ነው። ጠየቅኳት። «እኔ ምን አውቄ፣ ካርዳሺያኖቹ ያመጡት ይመስለኛል» አለች። እኔም አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳነብ አደርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደግሞም ፊለርና ቦቶክስ አንድ ለሚመስላችሁ፦ ቦቶክስ ጡንቻን ያስተኛል፣ ፊለር ጎድጓዳን ይሞላል። የዛሬው ወሬያችን ስለሚሞላው ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1899 ቪየና ውስጥ ነው። ሮበርት ጌርሱኒ የሚባል ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አንድ ወጣት ታካሚ ነበረው። ቲቢ የዘር ፍሬውን አጥቅቶት ተቆርጦ ወጥቷል። ልጁ ድኗል፣ ግን ባዶ ነገር ይዞ መኖር ከብዶታል። ጌርሱኒ ባዶውን ቦታ በምን ልሙላው ብሎ አሰበ፣ አሰበና ቫዝሊን አሙቆ በመርፌ ወጋበት። አዎ፣ ቫዝሊን! እናቶቻችን ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ፊታችንን እንደ መስታወት ያብረቀርቁበት የነበረው ያው ቫዝሊን።

ቫዝሊን ያኔ ገና ወጣት ምርት ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ቺዝብሮ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1872 ነው። ሰውየው በምርቱ ላይ የነበረው እምነት ለጉድ ነበር፤ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላ ነበር ይባላል። 96 ዓመት ኖሮ በ1933 ሞተ። የሚበላ ነገር ቢወጋ ምን ይጎዳል? የጌርሱኒም ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቫዝሊን አይበሰብስም፣ አይሸትም፣ ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሰውነትም የማይቃወመው ይመስላል። ልጁም ደህና ሆነ። ጌርሱኒ በ1900 ውጤቱን ጻፈ፣ የአውሮፓ ሐኪሞችም አነበቡት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአፍንጫ ዘመን ነው። ይህንን ለመረዳት አንድ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ያኔ ፔኒሲሊን የለም። ቂጥኝ በየከተማው ነው። በሽታው ሲቆይ ወይም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የአፍንጫን አጥንትና ልም አጥንት ይበላል፤ አፍንጫው መሐሉ ላይ እንደ ኮርቻ ይሰምጣል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያለው ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ የማያውቀው ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ ይነፈጋል፣ ትዳር ይነፈጋል፣ በሽታው ያልነበረበት እንኳን በአደጋ የተሰበረ አፍንጫው ያስጠረጥረዋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው አንድ ሐኪም መጥቶ «ያለ ቢላዋ፣ በአንድ መርፌ አፍንጫህን ቀጥ አደርግልሃለሁ» ሲለው አስቡት። እኔ ብሆን እሮጥ ነበር። ፊለርን የቅንጦት ልጅ አድርገን ለምንስቅ ሁሉ ይህ መታወቅ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ፊታቸው ላይ የበሽታ ማኅተም የታተመባቸው ሰዎች ነበሩ። ከጌርሱኒ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1893፣ ኖይበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከታካሚ ክንድ ላይ ስብ እየወሰደ በፊት ላይ ያለ ጎድጓዳ ጠባሳ ሲሞላም ዓላማው ይኸው ነበር።

ቫዝሊኑ በሰውነት ሙቀት ስለሚለሰልስ ሐኪሞች ብዙም ሳይቆዩ ጠንከር ወዳለው ፓራፊን፣ ማለትም ወደ ሻማ ሰም ዞሩ። ሰሙ ርካሽ ነው። መርፌው ቀላል ነው። ውጤቱ ወዲያው በመስታወት ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሽተኛ ብቻ ጋ አይቆምም። ከታመመው አፍንጫ ወደ ጤነኛው አፍንጫ፣ ከዚያ ወደ ግንባር መስመር፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ አንገት ተሻገረ። ወጊዎቹም ከቀዶ ሐኪም ወደ «የውበት ሐኪም»፣ ከዚያም ሐኪም ወዳልሆነ ሰው ተሻገሩ።

ከነዚህ ደንበኞች መካከል አንዷን ላስተዋውቃችሁ። ግላዲስ ዲከን ትባላለች። በ1881 ፓሪስ ውስጥ ከአሜሪካውያን ቤተሰብ ተወለደች። (አባቷ የእናቷን ውሽማ በሽጉጥ የገደለ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን ከጀመርን አንጨርስም።) በዘመኗ ከነበሩ ቆንጆዎች ሁሉ ቆንጆ ተብላ የተወራላት፣ ሰዓሊዎች የሚሻሙባት ልጅ ነበረች። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራት። ግንባሯና አፍንጫዋ የሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ጎደል ይላል። የግሪክ ሐውልቶች ደግሞ ከግንባር እስከ አፍንጫ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አላቸው። በ22 ዓመቷ ያንን መስመር ለማግኘት ፓራፊን ተወጋች።

ሰሙ ባለበት አልተቀመጠም። ቁልቁል ወርዶ አገጯ አካባቢ ተጠራቀመ፣ ፊቷን አበላሸው። ያ ሁሉ ሲሆን ሕይወቷ አላቆመም፤ በ1921 የማርልቦሮን መስፍን አግብታ የታላቁ የብሌንሃይም ቤተ መንግሥት እመቤት ሆናለች። ዛሬ እንግሊዝ አገር ሄዳችሁ ብሌንሃይምን ብትጎበኙ መግቢያው ላይ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ በ1928 የተሳሉ ትልልቅ ዓይኖች ቁልቁል ያዩአችኋል። ሰማያዊዎቹ የግላዲስ ናቸው። ትዳሩ ግን ፈረሰ፣ ቀስ በቀስ ከሰው ራቀች፣ በመጨረሻም በኖርዝሃምፕተን የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ በ1977 እዚያው ሞተች። እድሜዋ 96 ነበር። ከቫዝሊኑ ጌታ ጋር እኩል! ያ ሰም እስከ መጨረሻው ከእሷ ጋር ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የግላዲስ ነገር አይደለም። በ1903፣ ማለትም ግላዲስ በተወጋችበት ዘመን፣ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ታካሚ ገጠማቸው። አፍንጫው ላይ ፓራፊን ተወግቶ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። ጉዳዩን በሕክምና መጽሔት አሳተሙት።

አፍንጫ ተወግቶ ዓይን እንዴት ይጠፋል? ነገሩ እንዲህ ነው። በአፍንጫ፣ በሁለቱ ቅንድቦች መሐልና በግንባር ላይ የሚሄዱት ቀጫጭን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ከዓይን ዋና ቧንቧ የሚወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። መርፌው በስሕተት ከአንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ ከገባና ወጊው ከተጫነ፣ የመርፌው ግፊት የደሙን ግፊት ያሸንፈዋል። የተወጋው ነገር ወደ ኋላ፣ ወደ ግንዱ ይገፋል። ጣት ከመርፌው ላይ ሲነሳ ደሙ ተመልሶ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ አሁን ግን ሰሙን ይዞ ነው የሚፈስሰው። ወደ ሬቲና የምትሄደው ቀጭን ቧንቧ ትደፈናለች። ሬቲና ያለ ደም የሚቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ወጊው ያየው ነገር ቢኖር ትንሽ የገረጣ ቆዳ ነው። ይህችን አንቀጽ ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ሰውነት ሰሙን አያውቀውም፤ ሊፈጨውም ሊያስወጣውም አይችልም። ስለዚህ የሚችለውን ያደርጋል፤ በጠባሳ ሥጋ ያጥረዋል። ከዓመት፣ ከአምስት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ቦታው ይጠነክራል፣ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ሐኪሞች «ፓራፊኖማ» የሚል ስም አወጡለት። ማውጣት ቢፈለግ ሰሙ ከሥጋው ጋር ተዋሕዷል፤ ሰሙን ለማውጣት ሥጋውን መቁረጥ ነው።

ታዲያ ሐኪሞቹ አላወቁም ነበር? ያውቁ ነበር! ፍሬድሪክ ኮል የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም በ1911 ባሳተመው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የፓራፊን ጉዳቶችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው መጽሐፉን ጥሎ የሚሸሽ ይመስላችኋል። ኮል ግን ዘርዝሮ ሲጨርስ እንዴት እንደሚወጋ ማስተማሩን ይቀጥላል። ብልሃቱን ያወቀ ሰው አይሳሳትም ነው ነገሩ። ምዕራቡ ዓለም ፓራፊንን እርግፍ አድርጎ የተወው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተበላሹት ፊቶች ከመጽሐፉ ይልቅ ጮክ ብለው ሲናገሩ።

በፈረንጅ መሳቅ የማይገባን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእኛ አያቶችም ለውበት ሲሉ ድዳቸውንና አንገታቸውን በመርፌ አስጠቅጥቀዋል። ንቅሳት ማለት ያ ነው። የእኔ አያት የድዷን ሕመም ስትተርክ እየሳቀች ነበር። መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ንቅሳትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥላሸቱ ግን ቢያንስ ከድድ ተነስቶ ወደ ዓይን አይሄድም።

ከሰሙ በኋላ የመጣው ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው፤ ለአውሮፕላንና ለኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የተሠራ ፈሳሽ። ከጦርነቱ በኋላ በጃፓን ሴቶች ጡት ውስጥ መወጋት ጀመረ። የሚወራው ታሪክ ፈሳሹ ከወደብ በበርሜል እየተሰረቀ ይወጣ ነበር ይላል። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1964 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካሮል ዶዳ የምትባል የምሽት ክበብ ጨፋሪ በሲሊኮን መርፌ ጡቷን አስሞልታ ስሟ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በላስ ቬጋስ ብዙ ሴቶች ተከተሏት። ጡት ብቻም አልነበረም፤ ከንፈርም፣ ጉንጭም፣ የግንባር መስመርም ይወጋ ነበር።

የሻጮቹን ንግግር ልብ በሉ። ሲሊኮን አይበሰብስም፣ ከምንም ጋር አይዋሐድም፣ ሰውነት አይቃወመውም። ከ60 ዓመት በፊት ስለ ቫዝሊን የተባለው ያው ነው፣ ቃሉ ብቻ ተቀይሯል! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ ለጥቂት ሐኪሞች ብቻ የሙከራ ፈቃድ ሰጠ፤ የቀረው ዓለም ፈቃድ አልጠበቀም። ሲሊኮን ከሰም የሚለየው በትዕግሥቱ ነው። አሥር፣ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን ይነሳል። እብጠት፣ ድንጋይ የመሰለ ሥጋ፣ ከተወጋበት ርቆ የተገኘ ቋጠሮ። የላስ ቬጋስ እናት የሆነችው የኔቫዳ ግዛት በ1970ዎቹ አጋማሽ መወጋቱን ወንጀል አደረገችው። ያም ሆኖ ነገሩ አልሞተም። ኤፍዲኤ በ2017 እንደገና «ሲሊኮን ለሰውነት ቅርጽ አትወጉ» ብሎ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ አስፈልጎታል፤ ምክንያቱም በየሆቴል ክፍሉና በየሰው ቤቱ ርካሽ መርፌ ይዞ የሚዞር አልጠፋም። ወደ ደም ሥር ከገባ ሳንባና አንጎል ላይ ይደርሳል፣ ይገድላል።

በ1981 ግን አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጥጃ ቆዳ የተጣራ ኮላጅን ለፊት መሙያነት ከኤፍዲኤ ፈቃድ አገኘ፤ «ዛይደርም» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ የሚያውቀው የቆዳ መሙያ መሆኑ ነው። ከመቶ ሦስት ያህል ሰው አለርጂ ይሆንበት ስለነበር፣ መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ተወግቶ አራት ሳምንት ይጠበቅ ነበር። እስቲ ዛሬ ለማን ነው «ከንፈርሽን ለመሙላት አራት ሳምንት ጠብቂ» የሚባለው? ኮላጅን ደንበኞቹን የሚያማርር አንድ ድክመት ነበረው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነት ይበላውና ፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ሰው በዚህ ያማርር ነበር፤ «ገንዘቤ ቀለጠ» ይል ነበር። እኔ ግን ከጌርሱኒ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንብቤ እዚህ ስደርስ ተንፈስ አልኩ። ከ80 ዓመት በላይ በኋላ፣ ቢበላሽ በራሱ የሚሄድ ነገር ተገኘ!

በዚህ መሐል ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱ እኛንም ይነካል። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ብዙ ሰዎች ከሞት ተርፈው አንድ ነገር ገጠማቸው። የፊታቸው ስብ እየጠፋ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ ስታቩዲን የሚባለው መድኃኒት ነው። አገራችን መድኃኒቱን በነፃ ማደል ስትጀምር፣ በ2005፣ ስታቩዲን በብዛት ይሰጥ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረው በ2009 ነው። ያንን ዘመን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ሰውየው ድኖ፣ ሥራ ገብቶ፣ ሠርግ ሄዶ፣ ጉንጩን ያየ ሁሉ ይንሾካሾክ ነበር። የቂጥኝ አፍንጫ ታሪክ በመቶ ዓመቱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኤፍዲኤ በ2004 «ስካልፕትራ» የሚባለውን መሙያ ሲፈቅድ ያኔ የፈቀደው ለነዚህ ሰዎች ጉንጭ ነበር። በሀብታም አገር ያሉት ጉንጫቸውን አስሞሉ። የእኛዎቹ ሻርፕ ጠመጠሙ።

አሁን ጓደኛዬ ወደምታውቀው ፊለር ደረስን። ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል። በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ከላም ዓይን ለይተው አወጡት። ኋላ ኤንድሬ ባላዥ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ በአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለችው ቀይ ሥጋ አጣርቶ ለዓይን ቀዶ ሕክምና እንዲውል አደረገው። (ሰውየው በጦርነቱ ጊዜ ለኬክ ቤቶች የእንቁላል ነጭ ምትክ እንዲሆን አስቦት ነበር። ዓለም ምን ያህል እንደምትገርም እዩ!) ስዊድናውያን ደግሞ ከባክቴሪያ አምርተው «ሬስቲሌን» ብለው ሰየሙት። በአውሮፓ በ1996፣ በአሜሪካ በ2003 መጨረሻ ተፈቀደ።

ሻጮቹ «ሰውነታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው» የሚሉት ውሸት አይደለም። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ 15 ግራም ያህል አለ፤ ሲሶው በየቀኑ ፈርሶ ይታደሳል። ግን እዚህ ላይ አስቡበት። በተፈጥሮው እንዲህ ቶሎ የሚፈርስ ነገር ከንፈር ውስጥ ስድስት ወር እንዴት ይቆያል? መልሱ ቀላል ነው፤ እንዳይፈርስ በኬሚካል እርስ በርሱ ታስሯል። ተፈጥሯዊውን ነገር ለመሸጥ መጀመሪያ ተፈጥሮውን መንጠቅ አስፈልጓል። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በኤምአርአይ የታዩ 33 ሰዎች ፊት ውስጥ ፊለሩ ከሁለት ዓመት በኋላም እንዳለ አሳይቷል። «በስድስት ወር ብን» የሚለው ነገር እንግዲህ ለሁሉም አይሠራም።

የሃያሉሮኒክ አሲድ እውነተኛ ብልጫ ሻጮቹ ብዙ የማያወሩት ሌላ ነገር ነው። ማፍረሻ አለው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ቦታው ላይ ሲወጋ ጄሉን ያሟሟዋል። ለሰም ማፍረሻ አልነበረውም። ለሲሊኮንም የለውም። ግላዲስ የተወጋችው እንዲህ የሚሟሟ ነገር ቢሆን ኖሮ አገጯ ነፃ ይወጣ ነበር። ጠማማ ከንፈር ቢወጣ ይቃናል፣ ቋጠሮ ቢሆን ይጠፋል፣ ደም ቧንቧ ቢደፈን ደግሞ ቆዳው ሳይሞት ሊደረስለት ይችላል፤ በእርግጥ ወጊው ምልክቱን ካወቀ፣ ብልቃጡም በእጁ ካለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያችን ያዟት ያልኳችሁ አንቀጽ አለች። ካይሊ ጄነር በ2015 ከንፈሯን በፊለር እንዳስሞላች በቴሌቪዥን አመነች፤ መርፌው ከሆሊውድ ወጥቶ የየሰፈሩ ወሬ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የተመዘገቡትን በፊለር ምክንያት ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች ቆጠሩ። 98 አገኙ። ይህ የተጻፈው ብቻ ነው፤ ያልተጻፈውን ማን ይቆጥረዋል? ለሚሊዮኖች ከሚወጋው አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የጠፋው ዓይን ግን ባብዛኛው አልተመለሰም። አደገኛዎቹ ቦታዎች ቅንድቦች መሐል፣ አፍንጫና ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ናቸው። መንገዱ የ1903ቱ መንገድ ነው። አንድ ክፍለ ዘመን ሙሉ ፈሳሹን ሲያሻሽሉ፣ ቧንቧዋ እዚያው ናት።

ከ98ቱ ግማሽ ያህሉ የተወጉት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የራሳቸውን ስብ! ኖይበር በ1893 የጀመረው ነገር ነው። ከራስ ሆድ ወጥቶ ወደ ራስ ፊት ከሚገባ ስብ የበለጠ «ተፈጥሯዊ» ነገር በዚህ ምድር ላይ ከየት ይመጣል? ተፈጥሯዊ መሆኑ ግን ቧንቧዋን ከመድፈን አላገደውም። ስብ ደግሞ ማፍረሻ የለውም።

ስለዚህ ዛሬ ጭቅጭቁ ከፈሳሹ ወደ እጁ ዞሯል። እንግሊዝ አገር በ2013 መንግሥት ያስጠናው አንድ ዘገባ ፊለር የሚወጋ ሰው እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው የበለጠ ጥበቃ እንደሌለው ጻፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2021፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለውበት ሲባል ፊለር መውጋት እዚያ ወንጀል ሆነ። በዚያው ወር ኤፍዲኤ ሌላ ጉድ አስጠነቀቀ፤ ያለ መርፌ በአየር ግፊት ፊለር የሚረጭ እስክሪብቶ መሰል ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጣል፣ ልጆች ገዝተው ራሳቸው ከንፈራቸው ላይ ይጠቀሙበታል። ጌርሱኒ ቢያንስ ቀዶ ሐኪም ነበር።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በአንድ ማኪያቶ ልነግራት አልችልም ነበር። ማክሰኞ ስንገናኝ የነገርኳት ቧንቧዋንና ብልቃጧን ብቻ ነው። ትንሽ ዝም አለችና «እደውላለሁ» ብላ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው። ስሙን የማልጠቅሰው የውበት ሳሎን ነው። አንዲት ትሕትናዋ የሚያስደስት ልጅ አነሳች።

«እህቴ፣ ፊለሩን የምትወጋው ሐኪም ናት?»

«ኮርስ የወሰደች ናት፣ በጣም ጎበዝ ናት።»

«እሺ፣ የምትወጉት ስሙ ምንድነው?»

«እ... የውጭ ነው፣ ኦሪጂናል ነው።»

«ማፍረሻውስ አላችሁ?»

«የምን ማፍረሻ?»

«ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ነው፣ ፊለሩ የሆነ ነገር ቢሆን የሚያሟሟው።»

ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከጀርባ የፀጉር ማድረቂያ ይሰማል።

«አይ፣ እሱ ለእኛ አያስፈልግም» አለች ልጅቷ። «የእኛ ተፈጥሯዊ ነው፣ ራሱ ይጠፋል።»

ጓደኛዬ አመስግና ዘጋችው። እስካሁን አላደረገችውም። ፎቶውን ግን ከስልኳ አላጠፋችም።